ቀዳዳው ሁሉ ዓይን አይደለም፦ የግዙፍ ሥጋ በል ዳይኖሰሮችን አጥንት ስናይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የቲ-ሬክስን የራስ ቅል በጎን በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ትንሽ ግር ይለዋል። ድፍን ቋጥኝ የመሰለ አጥንት ጠብቆ ይመጣል፤ የሚያገኘው ግን ወንፊት ነው። አንዱ ክፍተት አለቀ ሲባል ሌላው ይጀምራል። የትኛው ነው ዓይኑ? አፍንጫውስ? ጆሮውስ የት ገባ?

እኔም አልተረፍኩም። መጀመሪያ ፎቶ እያየሁ ለመሣል ስሞክር፣ ዓይኑን ያስቀመጥኩት ከአፍንጫው ቀጥሎ ባለው ትልቅ ክፍተት ውስጥ ነበር። የወጣልኝ አስፈሪ አዳኝ ሳይሆን የተናደደ ዶሮ ነው። ከዚያ ወዲህ የሌሎችንም ሥዕልና ቪዲዮ ሳይ ስህተቶቻችን በጣም ይመሳሰላሉ። ዳይኖሰር ለሚሥል፣ ስለ ዳይኖሰር ለሚጽፍ፣ ወይም ልጁ ሲጠይቀው መልስ ለሚጠፋው ሰው ዋና ዋናዎቹን እነሆ።

አስቀድሞ ስለ ስም ትንሽ። ባለሙያዎቹ ሁሉንም በአንድ ቃል አይጠሩም። ትልቁን ክፍተት "ፌኔስትራ" ይሉታል፤ በላቲን መስኮት ማለት ነው። ነርቭ ወይም የደም ሥር የሚያልፍበት ጠባቡ "ፎራሜን" ይባላል፤ ቀዳዳ ማለት ነው። ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ግን ማዶ ያልዘለቀው "ፎሳ" ነው። እኔ መስኮት፣ ቀዳዳ፣ ጎድጓዳ እያልኩ እቀጥላለሁ። ልዩነቱን ከአሁኑ ያዙልኝ፤ ግማሹ ስህተት የሚመጣው ሦስቱን ከማደባለቅ ነው።

ትልቁን መስኮት ዓይን ማድረግ

ከፊት ወደ ኋላ እንሂድ። መጀመሪያ የአፍንጫው ክፍተት አለ። ቀጥሎ ከዓይን ፊት ያለው መስኮት ይመጣል። ከዚያ የዓይኑ ጉድጓድ። ከዓይኑ ኋላ ደግሞ በጎን አንድ፣ ከአናት ላይ አንድ መስኮት አለ። በታችኛው መንጋጋ ላይም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ሁለት ሁለት ነው፤ በግራም በቀኝም።

ሰውን የሚያሳስተው ሁለተኛው ነው። ሌላውን ግዙፍ ሥጋ በል አሎሶረስን ብታዩ ይህ መስኮት ሰፊና ሦስት ማዕዘን መሰል ነው፤ ዓይናችን ቀድሞ እሱ ላይ ያርፋል። እሱ አልበቃ ብሎ፣ በሥጋ በሎቹ ዳይኖሰሮች ላይ ከፊቱ አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ክፍተቶች ይጨመራሉ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ቁጠሩ። የመንጋጋው ማጠፊያ ያለበትን ጥግ ያዙ። ወደ ፊት ስትመጡ መጀመሪያ የምታገኙት ሰፊ መስኮት የጡንቻ ነው፤ ሁለተኛው የዓይን ነው። ጆሮውም መስኮት ውስጥ አይደለም። ከጡንቻው መስኮት ኋላ፣ ከራስ ቅሉ ጀርባ አጠገብ ነው።

እንዲህ ያለ ስህተት አዲስ አይደለም። በ1914 ኦቴንዮ አቤል የተባለ ኦስትሪያዊ የቅሪተ አካል ተመራማሪ አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የግሪኮቹ ባለ አንድ ዓይን ግዙፍ ሰው ተረት የተወለደው ከድንክ ዝሆን የራስ ቅል ነው አለ። መሀል ግንባሩ ላይ ያለውን የኩምቢ ክፍተት ዓይን አድርገውት ነው ማለቱ ነው። ተረቱ በእርግጥ እንዲያ ተወልዶ እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም። የዝሆን ቅል ያየ ሰው ግን ሐሳቡ እንዴት እንደመጣ ይገባዋል።

"ለማቅለል ነው" ብሎ መገላገል

ይህን የማይል የለም። መስኮቶቹ ለምን አስፈለጉ? "ጭንቅላቱ እንዳይከብድ።" አለቀ። መልሱ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ለዚያም ነው አደገኛ የሆነው። ጥያቄውን ቶሎ ይዘጋዋል።

ከዓይን ፊት ያለውን መስኮት እንውሰድ። ስለ እሱ ሦስት ሐሳቦች ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩ ኖረዋል። አንዱ ዕጢ ነበረበት ይላል። ሌላው የመንጋጋ ጡንቻ ነበረበት ይላል። ሦስተኛው አየር ነው ይላል። አሜሪካዊው የአካል አወቃቀር ተመራማሪ ላሪ ዊትመር በ1997 ባወጣው ሰፊ ጥናት ጉዳዩን በዘመድ ፈታው። ዳይኖሰር ሞቷል፤ ሥጋው ጠፍቷል። በሕይወት ያሉት ቅርብ ዘመዶቹ ግን ሁለት ናቸው፦ በአንድ በኩል ወፎች፣ በሌላ በኩል አዞዎች። ሁለቱም በዚያ ቦታ አንድ ዓይነት ነገር ካላቸው፣ መሀላቸው ያለው ዳይኖሰርም ሳይኖረው አይቀርም። ሁለቱም ከአፍንጫ የሚነሣ የአየር ክፍል አላቸው። አዞ መስኮቱን ከውጭ ደፍኖታል፤ የውስጡ የአየር ክፍል ግን አለ። በዳይኖሰሮቹ አጥንት ላይም አየር የሚተወው ምልክት ተገኘ።

ስለዚህ መስኮቱ የሳይነስ ነው። አዎ፣ ያው "ሳይነስ አለብኝ" ስንል የምንጠራው። የኛ ፊት ውስጥ ተደብቋል፤ የእነሱ ግን ቤት ያህል ሰፍቶ ፊታቸውን ወርሶታል።

ክብደትስ? ቀንሷል እንጂ። ዊትመርና ባልደረባው ራያን ሪጅሊ በ2008 የቲ-ሬክስን ጭንቅላት በሲቲ ስካን መርምረው፣ ሥጋው ሲጨመር ከግማሽ ቶን በላይ ይመዝን እንደነበር ገምተዋል። አየሩ ባይኖር የባሰ ይከብድ ነበር። ነገር ግን መቅለሉ ውጤት ነው እንጂ የመስኮቱ መነሻ ምክንያት ነው ማለት አይደለም። የአየር ከረጢቱ ጫና የማያርፍበትን አጥንት እየበላ ይገባል። ጫና የሚሸከመው ሲቀር እንደ ቤት ማገርና ወጋግራ ሆኖ ይቆማል። የራስ ቅሉ ወንፊት የሚመስለው ለዚህ ነው። "ቀዳዳ ስለበዛበት ደካማ ነው" የሚሉ ሰዎችም የሚስቱት እዚሁ ጋ ነው። የቀሩት የአጥንት ማገሮች የት እንዳሉ አይተው ቢሆን አይሉትም ነበር።

ከኋላ ያለውን ሁሉ በጡንቻ መሙላት

ከዓይንና ከጆሯችሁ መካከል ያለችውን ቦታ በጣት ነክታችሁ ጥርሳችሁን ንከሱ። ከሥር የሚወጠረው የመንጋጋ ጡንቻ ነው። የሰው ልጅም እዚያ ጋ የራሱ መስኮት አለው፤ በእያንዳንዱ ጎን አንድ። ዳይኖሰሮች፣ አዞዎችና እንሽላሊቶች የመጡበት ወገን ደግሞ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ነበረው። አንዱ በጎን፣ አንዱ ከአናት። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ሄንሪ ፌርፊልድ ኦስቦርን በ1903 እንስሳትን በዚህ የመስኮት ቁጥር ለሁለት ከፍሎ ስም አውጥቶላቸዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ታይራኖሶረስ ሬክስ የሚለውን ስም የሰጠውም እሱ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ሰው ሁሉ ሁለቱንም መስኮቶች በጡንቻ ሞላቸው። የጎኑ ልክ ነው። የአናቱ ግን ነገር አለው።

ተመራማሪው ኬሲ ሆሊዴይ ከዊትመርና ከሌሎች ሁለት ባልደረቦች ጋር በ2019 ባወጣው ጥናት፣ ከአናቱ መስኮት ፊት ለፊት ያለውን ጎድጓዳ ለይቶ ተመለከተ። አጥንቱ ለስላሳ ነው፤ ጡንቻ የተጣበቀበት አጥንት የሚያሳየው ምልክት የለውም። ደግሞስ ጡንቻ ከመንጋጋ ተነሥቶ፣ ታጥፎ፣ ጣራው ላይ ወደ ፊት ይሳባል ማለት ምን ዓይነት አሠራር ነው? እንግዲያው ምን ነበረበት? የደም ሥርና ስብ።

ማስረጃ ፍለጋ ፍሎሪዳ ወደሚገኝ የአዞ ማቆያ ሄዱ፤ ሴንት ኦገስቲን። አሊጌተሮቹን ሙቀት በሚያነብ ካሜራ ቀረጿቸው። ቀዝቀዝ ሲል፣ አዞዎቹ ሰውነታቸውን ለማሞቅ ሲሞክሩ፣ አናታቸው ላይ ያሉት ሁለት ክፍተቶች ቦግ ብለው ታዩ። ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ጨለሙ፤ መብራት እንደማጥፋት። በዚያ ክፍተት ውስጥ ያለው የደም ሥር መረብ ሙቀት ይቆጣጠራል ማለት ነው። ቲ-ሬክስም ተመሳሳይ ነገር ሳይኖረው አይቀርም የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግኝቱ ብቻ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ሁሉም ያንን ጎድጓዳ አይቶታል። ጡንቻ ነው ተብሎ ስለተጻፈ የሚጠይቅ ጠፋ።

ሥዕል ለምትሠሩ፦ የአናቱን መስኮት ሙሉ በሙሉ ባዶ አታድርጉት። የኋለኛው ክፍል ጡንቻ አለበት። የሚለየው የፊተኛው ጎድጓዳ ነው።

የዓይኑን ጉድጓድ ሁሉ ለዓይን መስጠት

የዓይኑን ቦታ በትክክል ያገኘ ሰው ቀጥሎ እዚህ ይወድቃል። የትልልቆቹ ሥጋ በሎች የዓይን ጉድጓድ ክብ አይደለም። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብና ረጅም ነው፤ የድሮ በር ቁልፍ ማስገቢያ ይመስላል። ሠዓሊው ጉድጓዱን ሙሉ በዓይን ይሞላዋል፤ ፍጡሩም የደነገጠ ጉጉት ይሆናል።

ዓይኑ የሚቀመጠው ከላይ ባለው ሰፊ ክፍል ብቻ ነው። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ስቴፋን ላውተንሽላገር በ2022 የ410 ያህል ቅሪተ አካላትን የዓይን ጉድጓድ አነጻጽሮ ነበር። አብዛኞቹ፣ በተለይ ተክል በሎቹ፣ ክብ ጉድጓድ አላቸው። የቁልፍ ማስገቢያው ቅርጽ የሚታየው ትልልቅ ሥጋ በሎች ላይ ነው፤ እነሱም ካደጉ በኋላ። ጫጩቶቻቸው እንደማንኛውም ክብ ነበራቸው። በኮምፒውተር ሞዴል ሲፈተን ደግሞ ክቡ ጉድጓድ በንክሻ ጊዜ ጫና ይበዛበታል፤ ረጅሙ ግን ጫናውን ይበትነዋል። ባጭሩ ለንክሻ ሲባል የዓይን ቦታ ተቀነሰ።

የቲ-ሬክስን ግልገል ስትሥሉ ክብ ዓይን ብትሰጡት እንግዲህ ስህተት አይደለም። ለአባቱ አትስጡት እንጂ።

መስኮት ያለው ሁሉ ሥጋ በል ነው ማለት

ይህ አጭር ነው። ከዓይን ፊት ያለው መስኮት የጥንት ውርስ ነው፤ ተክል በሎቹም አላቸው፣ በብዙዎቹ ቢያንስም። ዳሌ ላይ የጭኑ አጥንት የሚገባበት ቦታ ማዶ ለማዶ ክፍት መሆኑም ዳይኖሰርን ከሌላው የሚለይ ምልክት ነው እንጂ የአዳኝ ምልክት አይደለም። ጋሻ ለባሾቹ ተክል በሎች፣ አንኪሎሶሮች፣ ግን መልሰው ደፍነውታል።

ጀርባው ላይ ሸራ ያለው ዲሜትሮዶን ደግሞ ከመጫወቻ ዳይኖሰሮች ጋር በአንድ ከረጢት ይሸጣል። ከዓይኑ ኋላ ያለው መስኮት ግን አንድ ነው። ስለዚህ ዳይኖሰር አይደለም፤ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል።

"ትልቅ አዳኝ ሲሆን መስኮቱም ይሰፋል" የሚለውም አይሠራም። ቲ-ሬክስ ከትልልቆቹ አዳኞች አንዱ ነው፤ የታችኛው መንጋጋው መስኮት ግን ጠባብ ነው። አጥንት ሰባሪ መንጋጋ ብዙ ክፍተት አይፈቅድም።

ትንንሾቹን ቀዳዳዎች አለማየት፣ ወይም ከእነሱ ብዙ መዝለል

ከጥርሶቹ በላይ፣ በመንጋጋው ጠርዝ፣ ተከታትለው የተሰለፉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ብዙ ሠዓሊ ይዘላቸዋል። የነርቭና የደም ሥር መውጫ ናቸው። እኛም አለን፤ አገጫችን ግራና ቀኝ አንድ አንድ ቀዳዳ አለች። የታችኛው ጥርስ ሊነቀል በማደንዘዣ ሲወጋ ከንፈራችን አብሮ የሚደነዝዘው ነርቩ በዚያ ወጥቶ ከንፈር ድረስ ስለሚሄድ ነው።

ክርክሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። በ2017 የቲ-ሬክስን ዘመድ ዳስፕሌቶሶረስ ሆርነሪን የገለጹት ተመራማሪዎች የፊቱን ቀዳዳዎችና የአጥንቱን ሸካራነት አይተው፣ እንደ አዞ የሚዳስስ ቅርፊታም ፊት ነበረው፤ ከንፈር አልነበረውም አሉ። በ2023 ቶማስ ከለንና ባልደረቦቹ ተቃራኒውን ይዘው መጡ። አዞ ፊቱን ሙሉ የተበተኑ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። ከንፈር ያላቸው እንሽላሊቶች ግን ጥቂት ቀዳዳዎችን በጥርሳቸው አጠገብ ይደረድራሉ። የሥጋ በሎቹ አደራደር የሚመስለው ሁለተኛውን ነው አሉ። የጥርሳቸውን መበላትም ጨመሩበት፤ ከአፍ ውጭ ደርቆ የሚውል ጥርስ ከውጭ በኩል ይበላል፤ የቲ-ሬክስ ዘመዶች ጥርስ ግን እንደዚያ አልሆነም።

እኔ ከንፈሩን ተቀብያለሁ። ያም ሆኖ "ቀዳዳ አየሁ፣ ስለዚህ አዞ ነው" ማለትም፣ "ቀዳዳ አየሁ፣ ስለዚህ ከንፈር አለው" ማለትም አይበቃም። ስንት ናቸው? የት ነው የተሰለፉት? ወዴት ያመራሉ? የመጨረሻውን ጥያቄ የሚመልሰው ስካን ነው። በእንግሊዟ ዋይት ደሴት የተገኘውን ሥጋ በል ዳይኖሰር ኒዮቬኔተርን በ2017 ስካን ሲያደርጉት፣ ከእነዚያ ቀዳዳዎች ኋላ እንደ ዛፍ ሥር የተዘረጋ የቦይ መረብ አገኙ። ከውጭ የምናየው ጫፉን ብቻ ነው።

የአከርካሪውን ቀዳዳ በሽታ ወይም ብስባሽ ማድረግ

አንገቱና ጀርባው ላይ ያሉት አከርካሪዎች ጎናቸው የተበሳ ሆኖ ሲታይ "ምን በላው?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ምንም አልበላውም። አየር ነው የገባበት። እንደ ወፍ፣ ከሳንባቸው የሚነሡ የአየር ከረጢቶች አጥንቱ ውስጥ ዘልቀው ይገባሉ። አሜሪካዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ኦትኒኤል ማርሽ በ1877 አሎሶረስን ሲሰይመው "የተለየው እንሽላሊት" ያለው በእነዚህ ባዶ ባዶ አከርካሪዎቹ ምክንያት ነው። በዚያ ጊዜ እንግዳ ነገር ነበር። ዛሬ ግን ቤተሰቡ ሁሉ እንደዚያው መሆኑ ታውቋል።

ፓትሪክ ኦኮነርና ሊዮን ክሌሰንስ በ2005 የማዳጋስካሩን ሥጋ በል የማጁንጋሶረስን አከርካሪዎች ከወፎች ጋር አነጻጽረው፣ የአየር ከረጢቶቹ አደራደር የወፍ መሆኑን አሳዩ። በ2008 የተሰየመው የአርጀንቲናው ኤሮስቴዮን ደግሞ ዳሌው ድረስ አየር የገባበት ነው። ስሙም የአየር አጥንት ማለት ነው።

መለያው ምንድን ነው? የአየር ቀዳዳ ውስጡ ሰፊ ክፍል አለው፤ በጠባብ በር ገብተህ አዳራሽ ታገኛለህ። የደም ሥር ቀዳዳ ግን ትንሽ ገብታ ትጠፋለች። እሷም ብትሆን አትናቅም። ሮጀር ሲሞርና ባልደረቦቹ በጭን አጥንት ላይ ያለችውን የደም ሥር ቀዳዳ ለክተው፣ የዳይኖሰሮቹ ከአጥቢ እንስሳት የማያንስ ሆኖ አግኝተውታል። ብዙ ደም የሚፈልግ አጥንት ብዙ የሚንቀሳቀስ እንስሳ ነው። ተኝቶ የሚውል እንሽላሊት እንዲህ ያለ ቀዳዳ አያስፈልገውም።

ቦታው የማይታወቅ ቀዳዳ ሁሉ ንክሻ ነው ማለት

ይህ የሁላችንም ድክመት ነው። ፍልሚያ እንወዳለን። አጥንት ላይ ቀዳዳ ካየን አንዱ አንዱን ነክሶታል ብለን ፊልም እንሠራለን።

አንዳንዴ ልክ ነው። ባለ ሦስት ቀንዱ ተክል በል ትራይሴራቶፕስ ዳሌ ላይ የተገኙት ጥርስ የበሳቸው ቀዳዳዎች የቲ-ሬክስ ናቸው። ግሪጎሪ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በ1996 በብረት የተሠራ የጥርስ ቅጂ የላም ዳሌ ላይ ተጭነው፣ ያንን ያህል ለመብሳት እስከ 13,400 ኒውተን ኃይል እንደሚያስፈልግ አሰሉ። በኋላ የመጡ የኮምፒውተር ስሌቶች ከዚያም በላይ ያደርሱታል። ጄን የተባለችው ወጣት ታይራኖሶር (የቲ-ሬክስ ወገን) ፊቷ ላይ የዳኑ የጥርስ ቀዳዳዎች አሏት፤ የነከሳት በዕድሜና በመጠን የሚመስላት ሌላ ታይራኖሶር ነው ተብሎ ይታሰባል። አንድ አሎሶረስ ደግሞ ጅራቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ከተክል በሉ ስቴጎሶረስ የጅራት እሾህ ጋር ገጥሟል። እዚያ ጋ የተበሳው አዳኙ ነው።

ግን መጀመሪያ ጠርዙን እዩ። ዳሩ ክብ፣ ለስላሳና ያበጠ ከሆነ እንስሳው በሕይወት እያለ ድኗል። ስለታም ሆኖ የተሰበረ ከሆነ ሲሞት ወይም ከሞተ በኋላ የሆነ ነው። ስብራቱ ከሌላው አጥንት ቀለል ያለ ቀለም ካለው ደግሞ ተጠያቂው ዳይኖሰር ሳይሆን የቆፋሪው መዶሻ ሊሆን ይችላል።

ጠርዙን አይተንም የማንፈታው አለ። ሱ የተባለችው ቲ-ሬክስ በ1990 ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ተገኘች። በታችኛው መንጋጋዋ የኋላ ክፍል ጠርዛቸው የለሰለሰ ክብ ክብ ቀዳዳዎች አሉ። መጀመሪያ ንክሻ ተባሉ። ግን የጥርስ አሰላለፍ የላቸውም። በ2009 ደግሞ ዛሬ ርግቦችንና ጭልፊቶችን ከሚይዝ የጉሮሮ ተውሳክ ጋር የሚመሳሰል በሽታ ነው የሚል ጥናት ወጣ። እሱም ብዙ ተወራለት። በ2022 እነ ብሩስ ሮትስቻይልድ ቀዳዳዎቹን ሰው ሆን ብሎ በስቶት ከዳነ የራስ ቅል ጋር ሳይቀር አነጻጽረው፣ ኢንፌክሽን የሚለው ከማስረጃው ጋር አይሄድም አሉ። አጥንቱ ለመዳን ጀምሯል፤ ምን እንደበሳው ግን እስካሁን ስምምነት የለም።

የሱ ትክክለኛ የራስ ቅል 270 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከአፅሟ ጋር አንገት ላይ ሊሰቅሉት ስላልቻሉ፣ ቺካጎ በሚገኘው ፊልድ ሙዚየም ለብቻው በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። አፅሟ የተሸከመው ቅጂውን ነው። ስለዚህ ማንም ሰው እስከ መስታወቱ ድረስ ተጠግቶ እነዚያን ቀዳዳዎች በዓይኑ ደረጃ ማየት ይችላል። ከጎናቸው የሳይነሱ መስኮት አለ፤ የቁልፍ ማስገቢያ የመሰለው የዓይን ጉድጓድ አለ፤ የጡንቻው አለ። እነዚያ ክብ ክብ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው ስም ያላገኙት።